የንጋት ከተማ አሟሟቂዎች

ሶልያና ለናሆም ሚስት ሆና የተመደበችው በንጋት ከተማ፣ ብሎክ ሰባት፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ማዶ ባለው ብሎክ የአንድ ሽማግሌ ልጅ ሆና ሠርታለች። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ኩባንያው ወደ ሚስትነት አዛወራት። ደሞዟ ትንሽ ከፍ አለ፤ የደንብ ልብሷም ከሹራብ ወደ ቤት ቀሚስ ተቀየረ።

በቅጥር ውሉ ላይ ስማቸው «የመኖሪያ ማሳያ ባለሙያ» ነው። ሰው ግን አሟሟቂ ይላቸዋል።

ማለዳ የኩባንያው አውቶቡስ ከማደሪያቸው አምጥቶ በምድር ቤቱ በር ያወርዳቸዋል። በፊት ለፊት መግባት ክልክል ነው፤ ጎህ ሲቀድ ከውጭ የሚመጣ ነዋሪ ገዢን ያስጠረጥራል። ወጥተው መጋረጃ ይገልጣሉ። ናሆም ፒጃማ ለብሶ በረንዳ ላይ ቆሞ ያዛጋል። ትንሽ ቆይቶ ሸሚዝ ይለብስና ቦርሳ አንግቦ በዋናው በር ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ማለትም ብሎኩን ዞሮ በምድር ቤቱ ተመልሶ ይገባል። ሶልያና ልብስ ታሰጣለች። ልብሱ ሁልጊዜ ያው ነው፣ እንዲንጠባጠብ ውሃ ትረጨዋለች። ወደ ምሳ ሰዓት ሽንኩርት ታቁላላለች። ኮሪደሩ ሰው ያለበት ቤት እንዲሸት ነው እንጂ ቁሌቱ ወጥ አይሆንም። ምሳቸው ከኩባንያው በሣጥን ይመጣል።

በሳምንት ሁለቴ ጭቅጭቅ አለ። ጭቅጭቅ የማይሰማበትን ቤት ገዢ አያምነውም ተብሎ ተጠንቷል። ርዕሱ ከቢሮ ይላካል፦ ሳያሳውቅ የመጣ ዘመድ፣ የበዛ ጨው፣ የተረሳ ቀጠሮ። ሲመሽ አውቶቡሱ ይወስዳቸዋል። መብራቱ ከዚያ በኋላ በየመስኮቱ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል።

ከከተማዋ መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። በሰሌዳው ላይ የየብሎኩ ሙቀት ይነበባል፤ ከመቶ መስኮት ስንቱ ሰው እንዳለበት ማለት ነው። ባንኮች የሚያበድሩት ያን አይተው ነው። ሰውም ሙሉ ቤት መግዛት ስለማይችል ከአንድ ቤት ላይ ድርሻ እየገዛ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ይሸጣል። ቤት ለመኖሪያ የሚገዛ ሰው ሶልያና በሥራ ዘመኗ አጋጥሟት አያውቅም። በአሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ከእነሱ በቀር ሰው አልነበረም።

ናሆም ድሮ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ሲጨቃጨቁ ግን ከተጻፈለት አልፎ ይጨምራል። አንድ ቀን ስለ ጨው ሊቆጣት ተመድቦ ሳለ ጨው ከዳሎል ተነስቶ በግመል ምን ያህል መንገድ ተጉዞ እሷ እጅ እንደሚደርስ እየዘረዘረ፣ «ይሄ ሁሉ መንገድ ተመጥቶ ትደፊዋለሽ?» አላት። ጀርባዋን ለበረንዳው ሰጥታ ሳቋን ዋጠች። በጆሮዋ ያለው መሣሪያ «ሶልያና፣ ቁጣ ነው የምንፈልገው» አላት። የተቆጣጣሪዋ ድምፅ ነው፤ ፊቷን አይታው አታውቅም።

ደንቡ ግልጽ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተገናኘ ጥንድ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። የወንዶቹ ማደሪያ በከተማዋ ምሥራቅ፣ የሴቶቹ በምዕራብ ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በኋላም ሶልያና ናሆም እሑድ እሑድ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም ነበር። የምታውቀው እሑድ ቀኗ እንደማያልቅላት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተዘግቶ ሳለ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ የማሳያው ብርድ ልብስ ከነዋጋ ወረቀቱ እስከ አንገቷ ተሸፍኖባታል። ናሆም ወጥ ቤት ቆሞ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። መጋረጃ ተዘግቶ የሚደረግ ነገር ለማንም አይታይም፤ በሥራ ዝርዝሩም ላይ የለም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ሶፋው ላይ ትተኛ ነበር፣ እንቅልፍ ሳይኖራት።

አንድ ሽማግሌ ቤት ሊያዩ የመጡት በግንቦት ነው። ፍሬዘር የሚባለው ደላላ ገዢ ይዞ እንደሚመጣ ተነግሯቸው ስለነበር ሶልያና ቁሌቱን አስቀድማ ጥዳ ነበር። በሩ ተንኳኳ።

«ይኸው ጎረቤቶቻችሁ» አለ ፍሬዘር።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ድምፃቸውን ወዲያው ለየችው። ጋሽ ሚልኪያስ ናቸው። በልጅነቷ የወፍጮ ሰፈር ዕድር ሊቀመንበር ነበሩ። ድንኳኑ የሚቀመጠው እሳቸው ግቢ ስለነበር ልጆች ሁሉ የታጠፈው ሸራ ላይ እየዘለሉ ነው ያደጉት። ሰፈሩ ሲፈርስ እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሰዉ በአራቱም ማዕዘን ተበተነ፣ ከዚያ በኋላ አላየቻቸውም።

እሳቸውም አተኩረው አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የፌቨን።»

«የእኛዋ ፌቨን? ሶልዬ ነሽ?» ትከሻዋን ይዘው ግራ ቀኝ አገላብጠው ሳሟት። «እናትሽን ልቀብር እንኳ አልደረስኩም። አውቶቡስ አጥቼ መንገድ ላይ ቀረሁ።»

ናሆም እጁን እየጠረገ ብቅ አለ። «ግቡ እንጂ፣ ቁሙ ተብሎ ነው?» አለ። የተጻፈለት ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ዓይኑም እሷ ላይ ነበር።

ጋሽ ሚልኪያስ ገብተው ተቀመጡና የመጡበትን አስረዱ። ዕድሩ አልፈረሰም። አባላቱ ግን አንዱ ገላን፣ አንዱ ለገጣፎ፣ አንዱ ሰበታ ሆኖ ሰው ሲሞት እንኳ በስክሪን ነው የሚላቀሱት። ባለው ገንዘብ እዚህ ፎቅ ላይ ስድስት ቤት፣ ጎን ለጎን፣ ሊገዙ ነው።

«ለመሆኑ ሰው አለው ፎቁ?» ሲሉ ጠየቋት።

ፍሬዘር ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። በጆሮዋ ያለው ድምፅ «ሞልቷል በይ» አለ።

«ሞልቷል፣ ጋሽዬ» አለች ሶልያና። «ጠዋት ጠዋት ሊፍት ወረፋ ነው።»

ሲወጡ ልሸኝ ብላ ተከተለቻቸው። ሊፍቱ ጋ ሲደርሱ ፍሬዘር ስልክ ተደውሎለት ራቅ አለ። የጆሮዋን መሣሪያ አውጥታ በመዳፏ ጨበጠችው።

«ጋሽ ሚልኪያስ፣ አይግዙ። እዚህ ፎቅ ላይ ማንም የለም። ብሎኩ ባዶ ነው። ደሞዝ እየተከፈለኝ ነው የምኖረው፤ ማታ እዚህ አላድርም።»

ሽማግሌው አልደነገጡም። እጇን ያዙና «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ባዶ መሆኑን። ያለፈውን ክረምት ሙሉ ከአስፋልቱ ማዶ እየቆምኩ መስኮቱን አይቼዋለሁ። ሁሉም መብራት አንድ ላይ ነው የሚጠፋው። እንዲህ የሚተኛ ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን ይገዛሉ?»

«ልኖርበት መስሎሽ ነው? ማን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያረጃል? ዓመት ቆይተን እንሸጠዋለን። በትርፉ ሱሉልታ በኩል መሬት እንገዛለን። ዝቅ ዝቅ ያለ ቤት፣ አጥር ለአጥር። ማርታ ትዝ ትልሻለች? በግድግዳ ማዶ የነበረችው? አርባ ዓመት ደህና እደሩ ተባብለን የተኛን ሰዎች ነን። አሁን ለገጣፎ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ናት። አንዳችን ሳንሞት አንዴ ጎረቤት ልሁናት፣ ሶልዬ።»

«ስትሸጡት የሚገዛው ማነው?»

ጋሽ ሚልኪያስ ባርኔጣቸውን ደፉ። ሊፍቱ መጣ።

«የማናውቀው ሰው» አሉ።

ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧውን ከፍታ፣ በውሃው ድምፅ ተሸፍና ለናሆም ነገረችው። ማስጠንቀቋን ሲሰማ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን «እኔም ገዝቻለሁ» አላት።

«ምን?»

«ድርሻ። ያጠራቀምኩትን ሁሉ።»

«የት?»

«እዚሁ። ይሄን ቤት።»

ፊቱን አየችው። የቀለደ አልመሰላትም። «ናሆም፣ በየቀኑ ብሎኩን ዞረህ በምድር ቤት የምትገባው አንተ ነህ እኮ። ማንም እንደሌለ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ሽማግሌውም ያውቃሉ፣ አላልሽም? ግን ዋጋው ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወጥቷል። እኛ አይደለንም ያሞቅነው? እንጀራውን ሌላው ይብላው፣ እኛ ጭሱን እንታጠን?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትንሽ ነው የቀረው። ከፍ ሲል እሸጠዋለሁ። ከዚያ ሥራውን ለቅቀን አንድ ቦታ እንሄዳለን። አንዲት ትንሽ ቤት ትበቃናለች።»

«ለቅቀን» አለ። እንሄዳለን አለ። ትበቃናለች አለ። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው፤ የመጣው በዚህ መንገድ መሆኑ ከፋት፣ መምጣቱ ግን ደስ አላት። ያን ማታ በአውቶቡሱ የሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጣ ቃሉን ደጋግማ አሰበችው። በሳምንቱ የራሷንም ቁጠባ አውጥታ በእሱ ድርሻ ላይ ጨመረች። ቤቱን አላመነችበትም። የማያውቁት ሰው መጥቶ እንደሚገዛላቸው ግን ለራሷ ነገረች፤ ስለዚያ ሰው ደግሞ ብዙ ላለማሰብ ወሰነች።

ጋሽ ሚልኪያስም ስድስቱን ቤት ገዙ።

ነገሩ የተገለጠው በንጋት ከተማ አይደለም። በሌላ ከተማ አንድ ሌላ ኩባንያ የአሟሟቂዎቹን ደሞዝ ሁለት ወር ያዘ። ሠራተኞቹ አልጮኹም፣ ድንጋይም አልወረወሩም። አንድ ቀን ሲመሽ መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ አጥፍተው፣ ፒጃማቸውንና የቤት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ በፊት ለፊት በር ወጡ። ምስሉ በሰዓታት ውስጥ አገር አዳረሰ፦ ሙሉ ከተማ ጨልሞ፣ በሩ ላይ ደግሞ ያለ ጫማ በካልሲ የወጡ ሰዎች ቆመው።

በማግሥቱ ሰዎች ወደ ንጋት ከተማ መጡ። በርጩማ ይዘው፣ ጥላ ዘርግተው ከአስፋልቱ ማዶ ተቀመጡና መስኮት መስኮቱን ያዩ ጀመር። ድርሻ የገዙ ናቸው። ከኩባንያው «በርትታችሁ ኑሩ» የሚል ትእዛዝ መጣ። ሶልያና በቀን ሦስት ጊዜ ልብስ አሰጣች። ናሆም አራት ጊዜ ወደ ሥራ ሄደ፤ በአራተኛው ላይ አንዲት ሴት «ወንድሜ፣ አሁን አልሄድክም እንዴ?» አለችው። ቦርሳውን ይዞ ወደ ሊፍቱ ተመለሰ።

በሳምንቱ የመግቢያው ሰሌዳ ተነቀለ። ባንኮቹ ብድራቸውን ጠየቁ፣ የሚከፍል አልነበረም። ከዚያ የዘይት ፋብሪካው፣ ትራንስፖርቱ፣ የመምህራን ጡረታ ሳይቀር ተከታትሎ ቆመ፤ የሁሉም ገንዘብ አንድ ቦታ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ነበር።

አጣሪ ጉባኤ ተሰየመ፣ በየቀኑም በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ለሁሉም ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያውቁ ነበር?» የኩባንያው ኃላፊ ሌሎች ሲያሞቁ እኔ ብቀዘቅዝ ባለድርሻ ይከሰኝ ነበር አለ። የባንኩ ሰው ሰሌዳውን አምነን ነው አለ፤ ሰሌዳውን የሚሞላው ኩባንያው መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ፍሬዘርም ቀርቦ፣ እኔ ካልሸጥኩት ሌላ ይሸጠዋል አለ። ገዢዎችም ቀረቡ፤ መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር። ዳኛዋ ሲያፋጥጧቸው እነሱም «ሁሉም ያውቅ ነበር እኮ» አሉ። ሪፖርቱ ሲወጣ ወፍራም ነበር። በደለኛ ተብሎ የተጻፈ የአንድም ሰው ስም አልነበረበትም።

ናሆም የሄደው ሪፖርቱ ሳይወጣ ነው። ማደሪያዎቹ ተዘግተው አሟሟቂዎቹ በየፊናቸው ሲበተኑ፣ እሱ በአፋር በረሃ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ላይ መስታወት የመጥረግ ሥራ አገኘ። ሎጊያ አጠገብ ነው። ሊሰናበታት፣ ማደሪያዋ ሲዘጋ ወደገባችበት ወደዚያው የአሥራ አንደኛ ፎቅ ቤት ድረስ በእግሩ ወጣ፤ ሊፍቱ ቆሟል።

«ያንቺንም አስበላሁት» አላት።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«እኔ ባልናገር አትሰጪም ነበር።»

ይህን መካድ አልቻለችም። በሩ ላይ ቆሞ የሚጨምረው ያለ መሰላት፤ ስለ ጨው እንደጨመረው። አልጨመረም። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው እስከ ምድር ድረስ ተሰማት።

እሷ እዚያው ቀረች። የሚያስወጣት የለም፣ የምትሄድበትም የለም። ውሃ ከጓሮ ጉድጓድ በጀሪካን ታወጣለች። ማንም የማይጠብቃት ቢሆንም ጠዋት ልብስ ታሰጣበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ በረንዳው ላይ ወጥታ ወደ ታች ታያለች። የብሎኩን ጥግ ዞሮ የሚመጣ ሰው ስታይ፣ ቦርሳ መያዝ አለመያዙን ታረጋግጣለች። ከዚያ ትገባለች። የናሆምን ስልክ ቁጥር ታውቀዋለች፣ ግን አልደወለችም። ከሥራ ሰዓት ውጭ አውርተው ስለማያውቁ በምን እንደሚጀመር አታውቀውም ነበር።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማች። በሩን ስትከፍት ጋሽ ሚልኪያስ ቁና ቁና እየተነፈሱ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ከኋላቸው ሰዎች ፍራሽና ድስት ተሸክመው ይወጣሉ።

«ማርታ ሞተች» አሏት።

የተከራየችው ክፍል ለቅሶ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ልጇም ያለው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት ግቢ የለውም። ያለው እነዚህ ማንም የማይገዛቸው ስድስት ቤቶች ናቸው። ቀብሯ ተፈጽሞ ሰዉ ወደዚያ መጣ። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ፣ ፍራሹ ተነጠፈ። አሮጊቶቹ በየፎቁ እያረፉ፣ እየተደጋገፉ ወጡ። ከቀትር በኋላ የማርታ ልጅ ደርሶ «እማዬ» ብሎ ሲጮህ ድምፁ በባዶው ብሎክ ውስጥ ከፎቅ ፎቅ ወረደ።

ሶልያና ሦስቱን ቀን ውሃ ስታመላልስ፣ ባቄላና ንፍሮ ስትቀቅል ዋለች። ማንም ማን ነሽ አላላትም። ፌቨንን የሚያስታውሱ ሴቶች እጇን እየያዙ ለእናቷም አለቀሱላት።

በሰልስቱ፣ ሰዉ ሲሳሳ፣ ጋሽ ሚልኪያስ በረንዳው ላይ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ዕድርተኞቹን ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ሰው ሲናፍቅ ሒሳብ ይጠፋበታል ይሉኛል። እኔ ግን ሒሳቡ አልጠፋብኝም ነበር። አንድ ሰው እንደሚከስር አውቅ ነበር። ያ ሰው ሌላ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» አለች ሶልያና።

«ማርታ ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር፤ መቼ ነው የምንገባው እያለች። ትንሽ ይውጣ፣ ትንሽ ይውጣ እላታለሁ። ይሄን ፎቅ እንኳ እጇን ይዤ ባወጣት ኖሮ…» ከአስፋልቱ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ባለቤትሽስ? ሦስት ቀን ሙሉ አላየሁትም።»

«ባለቤቴ አልነበረም፣ ጋሽዬ። እሱም ተቀጥሮ ነው።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት።

«ይሄንንስ አላወቅኩም ነበር» አሉ።

ሶልያና አንገቷን ደፋች። ከውስጥ አንዲት ሴት የተዋሰችው ድስት የማን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልስላታለች።

«የት ነው አሁን?»

«ሎጊያ።»

«ስልክ የለም ሎጊያ?» አሉና መልሷን ሳይጠብቁ ገቡ።

ደወለች። ብዙ ጠራ። ሲነሳ መጀመሪያ የተሰማት የበረሃው ነፋስ ነው።

«ሶልያና?»

«እኔ ነኝ። ለቅሶ ላይ ነኝ» አለች፤ በምን እንደሚጀመር ሳታስበው ወጣላት። «የጋሽ ሚልኪያስ ጎረቤት ሞቱ። ፎቁ ሰው ሞልቶበታል።»

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ናሆም። «አንቺ ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም። ናሆም፣ ና።»



«ምን ይዤ?» አለ። «ምንም የለኝም እኮ። ቤቱም ምንም አያወጣም።»

«ምንም አያወጣም። ውሃም የለውም፣ ሊፍቱም ቆሟል። እንዲሁ ና።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ ቆየች። የተቋረጠ መሰላት፣ ነገር ግን ነፋሱ አሁንም ነበር። ከዚያ ናሆም ከስልኩ አፉን አርቆ አጠገቡ ያለውን ሰው ሲጠይቅ ሰማችው።

«ወደ ደጋ የሚወጣው አውቶቡስ መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለው ሰውዬው።